ነፋስ የተሸከመው ክብር

በሀገራችን መንገዶች ላይ ክብር በጎማ ይሄዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዱሮ ክብር የሚሄደው በሰጋር በቅሎ ነበር። ሹሙም ባላባቱም በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ሲያልፍ፣ ማንነቱ ገና ከሩቅ የሚታወቀው በበቅሎይቱ አካሄድ፣ በኮርቻዋ ጌጥና ከኋላ በሚከተለው ሎሌ ብዛት ነው። ዛሬ የሰጋሯን በቅሎ ስፍራ የያዘው ባለ አራት ጎማ መጎተቻው የቅንጦት መኪና ነው። ላንድ ክሩዘር የሚለውን የፋብሪካ ስሙን ሕዝቡ እንዳለ አልተቀበለውም፤ አንደኛውን ትውልድ «ኮብራ» ሲል፣ ሌላውን በሞተሩ ስም «ቪኤይት» ብሎታል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ አደባባይ ይህ መኪና ብቅ ሲል መንገደኛው ዳር ይይዛል፤ ልጆች ቆመው ያያሉ፤ ገበያተኛው «ማን መጣ?» ይላል።

ይሁን እንጂ በቅሎና መኪና በአንድ ነገር ይለያያሉ። የበቅሎ ጌታ ከመንገድ በፊት ኮርቻው ልኩን ይዞ መጫኑን፣ ማሰሪያው አለመላላቱን፣ ጀርባዋ አለመገጠቡን በዐይኑ ያያል፤ ባያይ እንኳ በቅሎይቱ ራሷ ታሳየዋለች። ታነክሳለች፤ ትገታለች፤ ብትከፋም ጥላው ትሄዳለች። መኪና ግን ትዕግሥተኛ ነው። ሕመሙን ችሎ፣ ቀለሙ እያበራ፣ መስታወቱ እየጠቆረ፣ ጌታውን በምቾት እንዳስቀመጠ ይጓዛል፤ የተናገረ ዕለት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ክብር በምን ላይ እንደቆመ ማሰብ ያሻል። ከሁለት ቶን ተኩል የሚያልፈው ብረት፣ ተሳፋሪውና ጓዙ ተጨምሮበት ሦስት ቶን ሲደርስ፣ መሬትን የሚነካው በአራት ስፍራ ብቻ ነው። እያንዳንዱም ስፍራ ስፋቱ ከሁለት የተዘረጉ መዳፎች አይበልጥም። በዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ያለውን ጭነት የሚሸከመው ደግሞ ጎማው አይደለም፤ በጎማው ውስጥ የታመቀው ነፋስ ነው። ጎማው ዕቃ ነው። በዋሸራ ሊቃውንት ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ ጎማው ሰም፣ ነፋሱ ወርቅ ነው፤ ሰሙን ብቻ አይቶ ወርቁን ያላወቀ ቅኔውን እንዳልሰማ ይቆጠራል።

ይህ ነፋስን ሸክም የማሸከም ጥበብ ዕድሜው እምብዛም ሩቅ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 አሳቡን አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ውሎ ዓለምን ያዳረሰው፣ በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ዳንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ካበጀውና እ.ኤ.አ. በ1888 ካስመዘገበው ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የሚሽለን ወንድማማቾች በነፋስ በተሞላ ጎማ የሚሄድ አውቶሞቢል ይዘው ከፓሪስ ቦርዶ በተደረገው ውድድር ገቡ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ያመጣው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ፊት አዲስ አበባ ደረሰ። የሰው ልጅ ነፋስን አስሮ ማሠራቱን የተማረው በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ነው፤ የታሰረው ነፋስ ግን ማምለጫ መፈለጉን ከቶ አልተወም። ምንም ሳይበሳ፣ ምስማር ሳይገባበት፣ ደኅነኛ የሆነው ጎማ እንኳ በወር አንድ ፒኤስአይ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ዓመት ሙሉ ያልተለካ ጎማ ባለቤቱ ሳያውቅ የጉልበቱን ሢሶ ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚወስደው ጎዳና ይህን ነገር ከሌላው ጎዳና ሁሉ አብልጦ ይፈትነዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ጎሐ ጽዮን ሲደረስ መሬቱ ይከፈታል፤ መኪናው ወደ ዐባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት ርዳታ በተሠራው በሕዳሴ ድልድይ ላይ ሲያልፍ ከፍታው ከ1000 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ እንደገና ወደ ደጀን ሽቅብ ነው። ደብረ ማርቆስን፣ አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ፍኖተ ሰላም 1900 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። ቀጥሎ ማንኩሳ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ ሳይረግጣት የሚያውቃት ማንኩሳ። ከዚያም አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ወደ ነቀምት የሚለያይባት ቡሬ ናት።

በዚህ ጉዞ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ደጋግሞ ይለዋወጣል። መለኪያው የሚነግረን በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው አየር ግፊት በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ወደ ቆላ ሲወረድ የውጪው አየር ይከብዳልና፣ በሺህ ሜትር ቁልቁለት ቁጥሩ አንድ ተኩል ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል። በዚያው መጠን ሙቀት ያሳብጠዋል፤ በውስጡ ያለው አየር በዐሥር ዲግሪ በሞቀ ቁጥር አንድ ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ንጋት ላይ በአዲስ አበባ ብርድ 33 ተሞልቶ የወጣ ጎማ፣ ቀትር ላይ ዐባይ በረሃ ውስጥ ቢለካ 36 ቢያሳይ አያስደንቅም። ነገሩን የማያውቅ ሾፌር «በዝቷል» ብሎ ያስተነፍሰዋል። ማታ በቡሬ ብርድ ጎማው ሲቀዘቅዝ ግን የተነፈሰው ነፋስ ጉድለት ሆኖ ይቀራል። በሞቀ ጎማ ላይ ነፋስ አይቀነስም የሚባለው ስለዚህ ነው። ትክክለኛው ልክ የሚገኘው መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ፣ በተለይም ጧት ከመነሣቱ በፊት ነው።

የጎጃም ክረምት ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣል። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባው መንገድ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ነው፤ እግር የገባበት ጫማ ጥሎ የሚወጣበት ቀይ ጭቃ። በቆሎው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ይውጣል፤ የቡሬ የበርበሬ ማሳ ይጨቀያል። ከከተማ የመጣው ባለ ሥልጣን የሚጎበኘው ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። ጎማው መሽከርከር ሲጀምርና መኪናው ሲሰምጥ፣ የመንገዱን ጠባይ የሚያውቅ ሾፌር ወርዶ ከአራቱም ጎማ ነፋስ ያወጣል። 33 የነበረው 20 ሲደርስ ጎማው ይንሰራፋል፤ መሬት የሚነካው ገጽታ ይሰፋል፤ መኪናውም ጭቃውን ቧጦ ይወጣል። ይህ ጥበብ ነው፤ የሚያስመሰግን ጥበብ። አደጋው የሚጀምረው ጥበቡ ከተሳካ በኋላ ነው።

አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ማታ ደብረ ማርቆስ የሚጠብቃቸው ስብሰባ አለ። ሾፌሩ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ከጎሚስታ ደጃፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኮምፕሬሰሩ አጠገብ የተቀመጠው ወጣት እጁ በጎማ ጥላሸት እንደጠቆረ ብድግ ይላል።

«ጋሼ፣ የኋላው ተኝቷል እኮ! ልሙላልዎ?»

ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ ይመለከታል።

«ክቡርነትዎ፣ ነፋስ ብናስሞላ መልካም ነበር።»

«ይሄዳል አይደል?»

«መሄዱስ ይሄዳል።»

«እንግዲያስ ኋላ ይደርሳል፤ ንዳ።»

ወጣቱ ጎሚስታ የነፋሱን ጎማ ቱቦ እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። ይህ ጨዋታ በዚህ መንገድ ላይ እንግዳ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያሽከረክሩ ሁሉ በየመልኩ ያውቁታል። ሾፌሩ ዐውቆ ተናገረ፤ ግን የተናገረው በለሆሳስ ነው። ተሳፋሪው ሰማ፤ ግን የሰማው ስለ ጥቂት ነፋስ ነው። «ይሄዳል» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ እውነት ሆኖም የሚገድል ቃል ነው።

ምክንያቱም ነፋሱ የጎደለ ጎማ በጭቃ ላይ በዝግታ ሲሄድ ወዳጅ የነበረውን ያህል፣ በአስፋልት ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሽከረከር ጠላት ይሆናል። ጎኑ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፤ ይዘረጋል፤ እንደገና ይታጠፋል። ሽቦን አጣጥፎ አጣጥፎ የሰበረ ሰው በጣቱ ላይ የሚሰማው ዐይነት ሙቀት በጎማው ሥጋ ውስጥ ይወለዳል። ሙቀቱ ጎማውንና በውስጡ ያሉትን የሽቦ ድርቦች ያያያዘውን ሙጫ ያላላል፤ በመጨረሻም መሬት የሚረግጠው ንጣፍ ከአካሉ ይገነጠላል። ቁመተ ረጅምና ከባድ የሆነው መኪና በዚያች ቅጽበት መሪውን አይሰማም፤ ይገለበጣል።

ዓለም ይህን ትምህርት በብዙ ሬሳ ገዝቶታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የፋየርስቶን ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ እንዲመለሱ ጠራ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው ትልቅ መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ፤ ንጣፋቸው በፍጥነትና በሙቀት እየተገነጠለ መኪናው በመገልበጡ ከ270 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተመዘገበ። የጎማው አሠራር ጉድለት ነበረበት፤ የነፋስ ማነስም ጉድለቱን አባብሶታል። የሀገሪቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ፤ ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዚያ ገበያ በሚሠሩ ቀላል መኪናዎች ሁሉ ነፋስ ሲጎድል የሚበራ መብራት ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም ተከተለ። በቪኤይቱ ዳሽቦርድ ላይ አንዳንዴ የምትታየው፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለችውና በመካከሏ ቃለ አጋኖ የያዘችው ቢጫ ምልክት የእነዚያ ሙታን ኑዛዜ ናት።

ይሁንና ኑዛዜውን በልኩ መረዳት ያስፈልጋል። በአሜሪካው ደንብ መሠረት መብራቱ መብራት ያለበት ግፊቱ ከታዘዘው ልክ በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። 33 የታዘዘለት ጎማ 26 ቢደርስ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል። በጎማው ውስጥ ያለው መለኪያ የራሱ ባትሪ አለው፤ ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ይሞታል። ወደ ሀገራችን ከገቡት መኪናዎች መካከል ከነአካቴው መብራቱ የሌላቸውም አሉ። ስለዚህ መብራቱ የመጨረሻው ምስክር እንጂ የመጀመሪያው ጠባቂ አይደለም።

የመጀመሪያው ጠባቂ ጥቂት ብር የምታወጣው የእጅ መለኪያና ጧት ጧት የሚጎነበስ ሰው ነው። ልኩ የሚነበበው በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር አይደለም፤ ያ ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። የመኪናው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሶሶው ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ተጽፏል፤ ጭነት ሲበዛ የሚጨመረውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ይገኛል። ከዚያ በታች ሲሆን የጎማው ሁለት ጠርዞች ይበላሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መካከሉ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝ መሬቱን አጥብቆ አይዝም፤ ድንጋይ ሲመታው ይፈነዳል። የክራር ጅማት ከላላ አይዘፍንም፤ ከጠበቀ ይበጠሳል፤ ነገሩ ሁሉ ልኩን በመያዝ ላይ ነው። ከመኪናው ሆድ ሥር የተንጠለጠለው ስኮርታ ጎማም ሊረሳ አይገባም፤ በተፈለገ ዕለት ባዶ ሆኖ የተገኘ ስኮርታ፣ በረሃብ ዘመን ተከፍቶ ባዶውን እንደተገኘ ጎተራ ነው። ጭቃ ሲገጥም ነፋስ የሚያወጣ ሾፌርም፣ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይዞ አስፋልቱን ከመርገጡ በፊት ያወጣውን መልሶ መሙላት አለበት።

ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ ማለት የሰላም ጎዳና፣ ተብላ ተሰይማለች። ስም ምኞት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ይህ ጎዳና አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ከመንገድ መቅረት እንዴት ያለ ፍርሃት እንደሆነ ተጓዡ ሁሉ ዐውቆታል። ፈንድቶ የቆመ መኪና የሚያድርበት ስፍራ የሚመረጥ አይደለም። ነገር ግን በሰላሙም ቀን ቢሆን፣ የሚገለበጠው መኪና የሚወድቀው በውስጡ ባሉት ላይ ብቻ አይደለም። በጅጋና በማንኩሳ መካከል ዳሩን ይዘው የሚሄዱት ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ናቸው፤ በርበሬ የጫነ አህያ የሚነዳ ገበሬ ነው፤ እንስራ ያዘለች ሴት ናት። እነርሱ ስለ 33 ፒኤስአይ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ማወቅም ግዴታቸው አይደለም። መኪናው ሲመጣ ዳር ይይዛሉ፤ ከዚህ በላይ ማድረግ የሚችሉት የለም። የቀረው ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውና መሪውን የያዘው ሁለቱ ፋንታ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። ቅጠሉ እዚህ ላይ ዐሥር ደቂቃ ነው። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አይሄድም» ቢል፣ ተሳፋሪውም «አቁም፤ ይሞላ» ቢሉ፣ ስብሰባው ዐሥር ደቂቃ ይዘገያል፤ በፍኖተ ሰላም ደጃፍ የቆመው ወጣትም ጎንበስ ብሎ አራቱን ጎማ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወሬ አይወጣውም፤ በደኅና ያለቀ መንገድ ወሬ የለውምና።