ቱሪስቱ የማያየው ሜኮንግ

ከሆ ቺ ሚን ከተማ በጠዋት የሚነሱ አውቶቡሶች ቦርሳ ያዘሉ ወጣት ቱሪስቶችን ሚ ቶ ያራግፋሉ። ከዚያ ወዲያ ጉዞው በጀልባ ነው። ቤን ቼ ላይ የኮኮናት ከረሜላ ሲሠራ ያያሉ፣ ማር የገባበት ሻይ ይጠጣሉ። ሾጣጣ የሰሌን ባርኔጣ ያደረገች ሴት በጠባቡ ቦይ እየቀዘፈች ታሻግራቸዋለች። ፎቶ ይነሳሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። «የሜኮንግን ዴልታ አየሁት» ይላል እንግዳው።

ያየው ግን ውሃውን ነው። ዴልታው ወንዙ በሺህ ዓመታት ተሸክሞ ያመጣው ደለል ነው። ከቬትናም ሩዝ ከግማሽ በላይ የሚበቅለውም እዚሁ ነው። ዛሬ ብዙው ደለል ላይኛው ተፋሰስ ባሉ ግድቦች ይያዛል፤ ታች የደረሰውን አሸዋ ደግሞ ለግንባታ ይዝቁታል። ወንዙ ሲዳከም ባሕሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2020 ድርቅ ሲጨመርበት፣ ጨዋማው ውሃ ሩቅ ዘልቆ ማሳ አጠፋ፣ የቤን ቼን ሰው የሚጠጣው አሳጣ።

ሜኮንግ 6 አገሮችን ይነካል። በ1995 የተቋቋመው የሜኮንግ ወንዝ ኮሚሽን አባላት ግን 4 ብቻ ናቸው፤ ከራስጌ ያለችው ቻይና አባል አይደለችም።

የላይኛው አገር መብራት መፈለጉ ነውር የለበትም። ነውሩ የታችኛው ሰው ስለ ውሃው ሲወሰን አለመጠየቁ ነው። ቀዛፊዋ ኑሮዋ በዚያ ውሃ ላይ ነው፤ የሚጎበኛት ሞልቷል፣ የሚጠይቃት ግን የለም።