ባዶው በርሜል

ሞያሌ ላይ ባዶ በርሜል ሥራ ፈትቶ አያድርም። ከናይሮቢ የማስመጣው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ገና ከመኪና ሳይወርድ «ሲያልቅ ለእኔ» የሚል ሰው አይጠፋም። ውሃ በጀሪካን እየተገዛ በሚኖርበት ከተማ ክዳኑ የሚገጥም በርሜል ትልቅ ንብረት ነው። እኔም የአውራጆቹን ሂሳብ የምዘጋው ከባዶው ሽያጭ ነበር።

በርሜሉ የሚመጣው ሰልፎኒክ አሲድ ይዞ ነው። ናይሮቢ ዩፋሲድ ይሉታል፤ ነጩን ሊጥ መሳዩን ደግሞ ኡንጌሮል ይሉታል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ቴክሳፖን ይሆናል። (በስም መቀያየር ስንቴ እንደተሸወድን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ።) ሰልፎኒኩ ቡናማና እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ነው። ሳሙና የሚሠሩት ሴቶች አሲድነቱን በኮስቲክ ሶዳ አጥፍተው ላርጎ ያደርጉታል። እስከዚያ ድረስ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ብረት ይበላል። ስታራግፉ ሁለት ጀሪካን ንጹህ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር፤ ሰውነት ከነካ በጨርቅ ጠርጎ መተው አይሆንም፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ለባዶው ግን ግድ አልነበረኝም።

ሻይ ቤት ላላቸው ጎረቤቴ አንዱን ሸጥኩላቸው። በሁለት ጀሪካን ውሃ ራሴ አጥቤ «ንጹህ ነው እማማ» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን መጡ። «አንቺ ልጅ፣ በርሜልሽ ሻዬን ሳሙና አደረገብኝ።» ሄጄ ሳየው ውሃው ጥርት ያለ ነው። በጣሳ ቀድቼ ከፍ አድርጌ ሳንቆረቁረው ግን አረፋው ተነሳ። የልጅ ልጃቸው ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሯል። የበርሜሉንም የውሃውንም ገንዘብ መለስኩ። ልጁ ተሻለው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከእሳቸው በፊት የሸጥኳቸው ናቸው፤ ስንት እንደሆኑ አላውቅም፣ አንዳንዶቹም ከከብት አርቢዎች ጋር ገጠር ገብተዋል።

ደጋግሞ ማጠብ ይሻላል ትሉ ይሆናል። እጣቢው የት ይሄዳል? የእኔ ከሱቁ ጀርባ ቦይ ውስጥ ነበር የሚደፋው፤ ዝናብ ሲመጣ ፍየል ወደሚጠጣበት ኩሬ ይወርዳል። ከሳህን ላይ ቅባት የሚያላቅቀው ኃይል የዓሣ ስንጥብንና በውሃ ውስጥ ያለውን ትንንሽ ነፍሳት ሁሉ ይጎዳል። ናይሮቢ ያለው ሻጭ «ይበሰብሳል» ብሎኝ ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው። በ1950ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) የአውሮፓና የአሜሪካ ወንዞች በአረፋ ተሸፍነው ስለነበር የማይበሰብሰው ዓይነት በ1960ዎቹ በአሁኑ ተተካ። የአሁኑም ቢሆን በደንብ የሚበሰብሰው አየር ባለበት ውሃ ነው። አየር የማያገኘው የኩሬ ጭቃ ውስጥ ግን ይቆያል።

መላውን የነገረችኝ ከሳሙና ሠሪዎቹ አንዷ ናት። በርሜሉ ሲያልቅ ጓንት አድርገው የሚያለቀልቁት ለሚቀጥለው ሳሙና በሚጠቀሙበት ውሃ ነው፤ እጣቢው ሳሙናው ውስጥ ይገባል። ዕቃው ወፍራም ስለሆነ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ቀላል አይደለም፣ ያውም የተከፈለበት ነው። እኔ ደግሞ በርሜሉን ተረክቤ ያንኑ ዕቃ እሞላበታለሁ። ሲሰነጠቅ በመጋዝ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ ታችኛውን ካልበሳሁት ግን የፍየል ገንዳ ያደርጉታል፣ ስለዚህ እበሳዋለሁ።

የአውራጆቹ ሂሳብ አሁን ከትርፌ ነው የሚወጣው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ እጥፍ ልክፈል ብሎኝ እምቢ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ በርሜል በአህያ ጋሪ ጭኖ በደጄ ሲያልፍ አየሁት። ጠርቼ ምን እንደነበረበት ነገርኩት።

«አጥበውታል» አለኝ።