ከቦሌ እስከ ጂዳ



ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ጂዳው ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አየር ማረፊያ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 1,400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጂዳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በአንድ መስመር ላይ ሊባል በሚችል አቅጣጫ ስለምትገኝ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት እኩል ነው። ልዩነቱ የእኛ ሦስት ሰዓት ለእነርሱ ዘጠኝ መባሉ ብቻ ነው። ከ1998 እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያና በኤርትራ ጠብ ምክንያት አውሮፕላኖቻችን ዙሪያ ጥምጥም ይሄዱ ነበር። መንገዱ ቀጥ ሲል ግን በረራው ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

እናታችንን ለዑምራ ይዘን በተጓዝንበት ዕለት እርሳቸው ይህን ማመን አቃታቸው። «አያቴ እኮ እስከ ምጽዋ በበቅሎ፣ ከዚያ በጀልባ ነው የሄዱት። እናንተ ቁርስ በልታችሁ ለዙህር ትደርሳላችሁ?» አሉን። በ615 (እ.ኤ.አ.) የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትም ይህንኑ ባሕር ከሹዐይባ ወደብ ተነስተው በጀልባ ተሻግረው ነው።

የመንገዱ ማጠር ታላቅ ጸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ያዘናጋል። በየመን አቅጣጫ ለሚመጡ የተወሰነው ሚቃት የለምለም ከጂዳ በስተደቡብ ስለሆነ አውሮፕላኑ ትይዩውን የሚያልፈው ገና ሳያርፍ ነው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአንድ ደቂቃ 13 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አምስት ደቂቃ ያንቀላፋ ሰው 65 ኪሎ ሜትር አለፈው ማለት ነው።

ታላቅ ወንድማችን ግን የኢሕራም ልብሱን ከሻንጣ ጋር አስጭኖት ኖሯል! ይህን ያስታወሰው ሚቃት መቃረቡ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ነው። «ጂዳ ስንደርስ እለብሳለሁ» አለ። ይህ ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ሆኖም ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1986 (እ.ኤ.አ.) አማን ላይ ባደረገው ጉባኤ በአየር የሚመጣም ከሚቃቱ ትይዩ ላይ ኢሕራም ማድረግ እንዳለበት ወስኗል። እናታችን ፊቅሁን አልጠበቁም። ለብርድ የያዙትን ጋቢ ከጉልበታቸው፣ ነጠላቸውን ከሒጃባቸው ላይ አንስተው «ይህ ያልተሰፋ አይደለም ወይ? ተነስ!» አሉት።

መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ሰዎች አሳለፉት፤ አላህ ይስጣቸው። ወንድማችን ጋቢውን አገልድሞ፣ ነጠላውን ደርቦ ወጣና ኒያውን አደረገ። ተልቢያውን ስንጀምር እናታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተከተሉን። ባሕሩ በመስኮት ይታይ ነበር።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ነው፤ ጂዳ ግን ባሕሩ ዳር ናት። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ተቀበለን። ወንድማችን ከነጋቢው ላብ በላብ ሆኖ ሻንጣ ሲጠብቅ፣ ኢሕራሙ ያለበት ሻንጣ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ።