«አቋቋምሽ ነው»

ደሴ ላይ ልብስ ስሰፋ 12 ዓመት ሆኖኛል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን አንድ ጉርድ ነው።

ልጅቷ የኮምቦልቻ ናት፤ ለእህቷ ሰርግ ነበር ያሰፋችው። በስልኳ ያሳየችኝ ፎቶ በእንግሊዙ ንጉሥ በኤድዋርድ 7ኛ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1910) የተለበሰ ጉርድ ነው፤ ራስ ሚካኤል ደሴ ተቀምጠው ወሎን በሚገዙበት ጊዜ መሆኑ ነው። ወገቡ ላይ ሽብሽብ የለውም፤ ከዳሌ በታች እየሰፋ ይወርዳል። እኛ ክሎሽ የምንለው።

ስሌቱ አላስቸገረኝም። ወገቧ 70፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር። በግማሽ ክብ ሲቆረጥ ከመሃል እስከ ወገቡ 22 ሳንቲ ይመጣል፤ የታችኛው ጫፍ ሦስት ሜትር ተኩል ይዞራል። ሱፍ መረጥኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፤ በዚያው ማታ ቀመቀምኩት።

ከሰርጉ በኋላ ይዛው መጣች። «እትዬ፣ በግራ በኩል ወርዷል» አለችኝ። ሳለብሳት እውነትም ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ደንበኞች ነበሩ። «አቋቋምሽ ነው፤ አንዱ ዳሌሽ ዝቅ ይላል» አልኳት። መስታወቱን አየች፤ ግራ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቀጥ ለማለት ሞከረች። «አላወቅሁም ነበር» ብላ ወጣች።

ከዚያው ሱፍ ለራሴም አንድ ቆርጬ፣ ሳልቀመቅመው ምስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። በሳምንቱ ቀና ብዬ አየሁት። ማንም ያልለበሰው ጉርድ በግራ ጎኑ ወርዷል።

ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ በኩል ሲንጠለጠል ብዙም አይረዝምም። በሰያፍ ሲንጠለጠል ግን ሽመናው ይላላል፣ በገዛ ክብደቱ ይሳባል። ግማሽ ክብ ላይ ፊቱና ኋላው በድርና ማግ ሲውሉ፣ ሁለቱ ጎኖች በሰያፍ ይወድቃሉ። የእኔ ሱፍ ደግሞ ሽመናው ያዘነበለ ስለነበር አንዱ ጎን ከሌላው ባሰ። ለዚህ ነው ክሎሽ ወገቡ ከተሰፋ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ተሰቅሎ የሚያድረው፤ የሚቀመቀመውም ለባሿ ቆማ፣ ከወለል ወደ ላይ እየተለካ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ነግረውኝ ነበር። ረሳሁት አልልም፤ ቸኮልኩ። ልጅቷን ግን በችኮላ አይደለም የበደልኳት፤ ሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ ነው።

በማግስቱ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ቤቷ ሄድኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዳሌሽ ምንም የለበትም» አልኳት። እናቷ ቡና እየቆሉ «አብሽሪ፣ ልብስ አይደል» አሉኝ። ልጅቷ ግን «እኔ እኮ ከዚያ ቀን ወዲህ ስራመድ ራሴን ነው የማየው» አለችና ዝም አለች።

እዚያው ወንበር ላይ አቁሜያት፣ ዙሪያውን በስፒል እየያዝኩ ከወንበሩ ወደ ላይ ለካሁት፤ ቅምቅማቱን ፈትቼ በእጄ ሰፋሁላት።

አሁን ሱቄ ውስጥ ክሎሽ ሦስት ቀን ሳይሰቀል አይወጣም። ሰርግ ያላችሁ ቀደም ብላችሁ ኑ።