ወሬው ደረሰን፣ ማስተባበያው ቀረ

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ የተዘጉ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ቆየ። የእኛ ሥራ ቪፒኤን ማሳደድ ሆነ፤ አንዱ ሲቆራረጥ ሌላ እንጭናለን። ባትሪያችን ዙህር ሳይደርስ ያልቅ ነበር። እናቶቻችን ሳይቀሩ «እስቲ ያቺን ቪፒኤን ክፈቱልኝ» ማለት ለመዱ።

መዘጋቱን የደገፉ ጓደኞቻችን «ቢያንስ ወሬ ይቀንሳል» ይሉን ነበር። አልቀነሰም። ወሬው በስልክም በታክሲም ይደርሰናል፤ የማይደርሰን ማስተባበያው ነው። መዝጋት የጎዳው ወሬ ነዢውን ሳይሆን እውነቱን የሚያስረዳውን ነው ብለን የምንከራከረው ለዚህ ነው።

አንድ ጠዋት የሰፈራችን ኡስታዝ ታሰሩ ተባለ። ስንደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ሳናጣራ ክፍለ ሀገር ላሉት እናታቸው ደወልን። ማታ ቪፒኤኑ እሺ ሲለን ቻናላቸውን ከፈትን፤ ለካ ኔትወርክ ወደሌለበት ገጠር እንደሚሄዱ ከዋዜማው ጽፈው ነበር። እናታቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ ውለዋል።

ኡስታዙ ሲመለሱ ምንም አላሉንም። እኛም እስካሁን እናታቸውን አፉ በሉን አላልናቸውም።