ለድንጋይ የተሠራ ባሌስትራ

አጥቢያችን ያላት መኪና አንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው፤ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ። ከወላይታ ሶዶ ወጣ ወዳሉ አብያተ ክርስቲያናት ለአገልግሎት የምንሄደው በእርሱ ነው። ኮረኮንቹ ላይ ሲያነጥረን «መንገዱ ነው» እያልን ዓመታት አሳለፍን።

ለሕሙማን በመጸለይ የሚያገለግሉ አንዲት እናት አብረውን መሄድ ተዉ። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ወገቤ ነው። ስመለስ ሦስት ቀን ከአልጋ አልነሣም። እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ዝም አልኩ» አሉን። አፈርን። ፊት ወንበር ላይ የምንቀመጠው እኛ ነበርን፤ እርሳቸውን ሁልጊዜ ምቱ ወደሚብስበት ወደ ኋላ ነው የምናስገባቸው።

ገንዘብ አዋጥተን አራት አዲስ አሞርዛተር ገዛን፤ ያውም ጠንካራ የተባለውን። ባሰበት! ገንዘቡም ሄደ።

ኋላ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድነው። ከሥር ገብተው ቆይተው ወጡና፣ «ይህ መኪና ምንድን ነው የሚጭነው?» አሉ። «ሰው» አልን። «ባሌስትራው የሚያውቀው ግን ድንጋይ ነው» አሉን።

ያን ጊዜ ትዝ አለን። አዳራሹን ስንሠራ ድንጋይና አሸዋ እንዲችል ብለን ከኋላ ተጨማሪ ቅጠል አስገብተንበት ነበር። አዳራሹ አለቀ፤ ቅጠሉ ግን እዚያው ቀረ። መካኒኩ እንዳስረዱን አሞርዛተር ንጥሪያውን ያበርዳል እንጂ የደነደነን ባሌስትራ አያለሰልስም። ለብዙ ኩንታል የተዘጋጀ ብረት በአምስት ሰው አይታጠፍም፤ ስለዚህ ምቱ በቀጥታ ተሳፋሪው ላይ ያርፋል። የቀሩትም ቅጠሎች ዝገው እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ የላስቲክ ቡሾቹ አልቀዋል። ጎማውንም ከጭነቱ ዘመን ጀምሮ በ45 ነበር የምናስነፋው።

የተጨመረውን ቅጠል አወጡ፣ የቀሩትን ፈትተው አጽድተው ግራሶ ቀቡ፣ ቡሾቹን ቀየሩ። ብሎኖቹን መጨረሻ ያጠበቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ክሪክ ላይ እንዳለ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል አሉ። ጎማውን ባዶውን ሲሄድ ወደ 30 አወረዱት፤ ጭነት ሲኖር እንድንጨምር አስጠነቀቁን። አሁን ሲሚንቶ ስንጭንበት ኋላው ይወርዳል። ለሲሚንቶ መኪና እንከራያለን፤ ወጪ ነው፣ ግን ይሁን።

በዚያ ሳምንት በጸሎት ስብሰባችን ኤፌሶን 4፥32 ደረሰን፤ ቸሮችና ርኅሩኆች ስለ መሆን። አንብበን ማንም አልተናገረም። በግንባታው ዘመን የተቸገረ ሰው ሲመጣ «ካዝናው ባዶ ነው» ማለት ለምደን ነበር፤ ያኔ እውነት ነበር። ግንባታው ካለቀ በኋላም እንላለን። ባለፈው ክረምት ለልጆቿ ደብተር ልትጠይቅ የመጣች እህት በዚሁ መልስ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ አላየናትም። ሁለታችን በማግስቱ ፈልገን ቤቷ ሄድን፤ ይቅርታ ለመጠየቅ። በሩን ከፈተችልን፣ ግን ለመቀመጥ እስክትጋብዘን ብዙ ቆየች። ገና ነው።

እኚያን እናት ግን በሚቀጥለው ጉዞ ፊት አስቀመጥናቸው። ኮረኮንቹን አጋምሰን በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ «መንገዱን ሠሩት እንዴ?» አሉን።