የባሕር ዓሣና ኮራል በቤት ለማኖር አስቀድሞ ትምህርት ስለ መፈለግ

የባሕር ዓሣንና ኮራልን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አድርጎ በቤት ማኖር በዛሬው ዘመን በብዙ አገር የቤተ ሰብ ደስታ ሆኗል። ይህን ሥራ ሊጀምር የሚያስብ ሰው ግን የሚቸግረው ገንዳ ማግኘት አይደለም፤ ገንዳስ በየሱቁ ሞልቷል፤ የሚቸግረው ለጀማሪ የሚሆን እውነተኛ ትምህርት ማግኘት ነው። እኔ የምኖረው በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ነው፤ የ11 ዓመት ልጄም በባልቲሞር ያለውን ብሔራዊ አኳሪየም ካየች ወዲህ ይህን አሳብ በቤታችን ውስጥ ስላነሣችው፥ 4 ወር ያህል በንባብ ቈየሁበት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጥቂት እንዳነበብሁ ልጄን ይዤ ወደ አንድ ሻጭ ሄድሁ። ሰውዬው በትሕትና ተቀበለን፤ ነገር ግን ገንዳውንም፥ ጨዉንም፥ ዓሣውንም፥ ኮራሉንም በአንድ ቀን ጭነን እንድንሄድ መከረን። ልጄም በ2003 በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» በተባለው ሲኒማ የምታውቀውን ሰማያዊ ዓሣ በጣቷ ታሳየኝ ነበር። ይህ ዓሣ ሲያድግ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስና ሰፊ መዋኛ የሚሻ መሆኑን ሻጩ አልነገረንም። እኔ ግን ይህን ከመጽሐፍ አግኝቼው ነበርና ባዶ እጃችንን ተመለስን፤ ልጄ እስከ ቤት ድረስ አላነጋገረችኝም።

ለጀማሪ የሚሆኑ መጻሕፍት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አይታጡም። ማርቲን ሞ፥ የባሕር ዓሣን በገንዳ በማራባት ከቀደሙት ሰዎች አንዱ፥ በ1982 ስለ ባሕር ገንዳ ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ አውጥቷል። በ1994 ቻርልስ ዴልቢክና ጁሊያን ስፕረንግ ስለ ኮራል ገንዳ የጻፉት የመጀመሪያው ቅጽ ታተመ፤ በ1998 ደግሞ ሮበርት ፌነር ዓሣን በኅሊና ስለ መያዝ ጻፈ። እነዚህን የሚያነብ ሰው ስለ መብራት የተጻፈውን ምዕራፍ በጥንቃቄ ይለፈው፤ ዛሬ በየቤቱ የሚሠራበት ኤል ኢ ዲ የተባለው መብራት ያን ጊዜ አልተስፋፋም ነበርና። ስለ ውሃ የተጻፈው ምዕራፍ ግን አላረጀም፤ ባሕሩ ራሱ አልተለወጠምና፥ በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው፥ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ያህል ነው።

እኔ አንዱን ትምህርት ከሌላው የምለየው በሚጀምርበት ነገር ነው። በዕቃ የሚጀምረውን እጠራጠረዋለሁ፤ በውሃና በመጠበቅ የሚጀምረውን አምነዋለሁ። ከዓሣ ኵስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ ይህም ለዓሣ መርዝ ነው። ባክቴሪያ የተባሉ ረቂቃን ፍጥረታት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ሌሎችም ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም ይጐዳል፥ ናይትሬት ግን ጥቂት ሲሆን እምብዛም አይጐዳም። እነዚህ ረቂቃን በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪበዙ ድረስ 4 ወይም 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በዚህ መካከል የገባ ዓሣ በገዛ እድፉ ተመርዞ ይሞታል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «እንግዲህ ውሃ ስንመለከት ልንከርም ነዋ!» አለችኝ። እንደዚሁም ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ውሃው ባነሰ ቍጥር ሙቀቱና ጨዉ ቶሎ ይለዋወጣልና።

ኮራልም ድንጋይ ወይም ተክል አይደለም፤ እንስሳ ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን አልጌዎች ከብርሃን የሚያዘጋጁትን ምግብ ይመገባሉ፤ አጥንታቸውንም ከውሃው ውስጥ ባለው ካልሲየም ይሠራሉ። መጽሐፍ ባልነበረበት ዘመን፥ በ1846፥ አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት እመቤት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ወደ ለንደን ኮራል አምጥታ ነበር። ውሃው ነፋስ እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጠው ነበር ይባላል። በ1854 ግን ፊሊፕ ጐስ ስለ አኳሪየም መጽሐፍ አወጣ፤ ሕዝቡም እየተሽቀዳደመ ዳርቻውን ያራቍተው ጀመር። ልጁ ኤድመንድ በ1907 በጻፈው መጽሐፍ ያ የዳርቻ ውበት እንደ ጠፋ እያዘነ ተናግሯል። በ2024 የኮራል መንጣት በዓለም ውቅያኖሶች ለ4ኛ ጊዜ በሰፊው መድረሱ ተነግሯልና፥ ዓሣው በገንዳ የተራባ፥ ኮራሉም በገንዳ ተቈርጦ ያደገ መሆኑን ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

ልጆች ያሉት ቤት ሁሉ አጥብቆ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ዞአንቲድ የተባሉት ኮራል መሰል እንስሳት መልካቸው ያማረ፥ ለማኖርም የቀለሉ ስለ ሆኑ ለጀማሪ ይመከራሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ግን ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው። እነርሱ ያሉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብሎ በፈላ ውሃ የሚቀቅል ሰው እንፋሎቱ ቤተ ሰቡን ሁሉ ሊያሳምም ይችላል፤ መፋቅም ያስፈራል። በአላስካ ከ2012 እስከ 2014 በነበረው ጊዜ በሱቅና በመኖሪያ ቤት በዚህ መርዝ ሳይሆን አይቀርም የተባለ ሕመም ተመዝግቧል። ድንጋዩ ከቶ አይቀቀል፤ የሚነካውም ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ። ይህን የማይናገር ትምህርት፥ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፥ ለቤተ ሰብ የሚበቃ አይደለም።

አሁን ገንዳው በእንግዳ መቀበያው ክፍል ቆሟል፤ በውስጡ በማጣሪያ የነጻ ውሃ፥ ጨው፥ አሸዋና ድንጋይ ብቻ አለ። ልጄ በየሁለት ቀኑ ውሃውን እየመረመረች ቍጥሩን በደብተር ትጽፋለች። ሰማያዊውን ዓሣ ትታ በገንዳ የተራቡ ሁለት ክላውን ዓሦች መርጣለች፤ ስማቸውንም አውጥታለች። ባለፈው እሑድ አሞኒያው ዜሮ ሆኖ ተገኘ፤ ናይትራይቱ ግን ገና ነው።